ዓመት ሊሞላው አራት ቀን የቀረው ቤት

ሦስተኛው ደብዳቤ ሰኞ ዕለት መጣ። እንደ በፊቶቹ ሁሉ ፖስታው ላይ በቀይ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሩቅ ላየው ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የላከው ይመስላል። ኔልዳ ሽሬደር ግን በዚህ አትሸወድም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች፣ ስልሳ ልጅ ከኋላዋ እየጮኸ የባቡር ሐዲድ ያቋረጠች ሴት በቀይ ቀለም አትደነግጥም። ፖስታውን በቢላ ቀደደችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የአዲሱ ቤትዎ የአንድ ዓመት ዋስትና ዓርብ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚበላሸው ሁሉ ከኪስዎ ነው፣ አሁኑኑ ይደውሉና የእኛን የቤት ዋስትና ይግዙ ይላል።

የሚያናድደው፣ ዓርብ የሚለው እውነት መሆኑ ነው። ቤቱን የሠራው ኩባንያ ቁልፍ ካስረከባት ዓርብ ልክ ዓመት ይሞላዋል። በውሉ መሠረት በመጀመሪያው ዓመት የጠመመ፣ የተሰነጠቀ፣ የረገበ ነገር ሁሉ በኩባንያው ወጪ ይጠገናል። ለቧንቧውና ለመብራት መስመሩ ሌላ አንድ ዓመት ይጨመራል። ለመሠረቱ እስከ ዐሥር ዓመት ቃል ተገብቷል፤ ግን ያ ቃል የሚሠራው ቤቱ ሰው የማይኖርበት እስኪሆን ከተበላሸ ነው። ኔልዳ ውሉን ከዳር እስከ ዳር አንብባለች። እዚያ መንደር ውስጥ ውሉን ያነበበች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አዲስ ቤት ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከባሏ ከሩዲ ጋር ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖሩበት ቤት የሩዲ አያት በጥድ እንጨት ያቆሙት፣ ቆርቆሮው በነፋስ የሚያጨበጭብ አሮጌ ቤት ነበር። አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይፈታል። ሩዲ የወረዳው የመንገድ ሥራ መኪናዎች መካኒክ ነበርና ሰው ጠርቶ ማስጠገን እንደ ውርደት ያየው ነበር፤ ኔልዳም ከሱ ተምራ ምስማር መምታት፣ ቧንቧ ማሰር፣ ግድግዳ መለሰን አንድ አይቀራት። እሱ ካረፈ በኋላ ቤቱንም መሬቱንም ሸጣ በቴክሳስ፣ ከሴጊን ከተማ ዳር ይህን ባለ ሦስት መኝታ ቤት ገዛች። ያላት ሁሉ እዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው።

አውቶቡስ ነጂ ሁሉ ጠዋት ከመንቀሳቀሱ በፊት መኪናውን ዞሮ ያያል፤ ጎማ፣ መብራት፣ የአደጋ በር፣ ሁሉንም በዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጋል። ኔልዳ ጡረታ ብትወጣም እግሯ ጡረታ አልወጣም። በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በረዶ የገባበት ሻይዋን ይዛ ቤቷን ትዞራለች። ቤቱን ታጠጣለችም። በዚያ አገር ሰው አትክልት ብቻ አያጠጣም። መሬቱ መረሬ ነው፤ ነሐሴ ላይ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ከቤቱ ሥር ይሸሻል፣ ስለዚህ ሰው በመሠረቱ ዙሪያ የተበሳሳ የውሃ ጎማ ዘርግቶ ውሃ ያንጠባጥባል። ጎረቤቶቿ ሲመቻቸው፣ አንዳንዶቹም ሣር ባለበት በኩል ብቻ ያጠጣሉ። ኔልዳ ግን በአራቱም ማዕዘን፣ በሰዓት፣ እኩል ነው።

በዓመቱ ውስጥ ቤቱ ጥቃቅን ነገር አላጣም። የወጥ ቤቱ መሳቢያ ይነክስ ነበር፤ አስተካከለችው። የመታጠቢያው ንጣፍ አንዱ ተነቀለ፤ መልሳ ለጠፈችው። የኋለኛው መኝታ ቤት በር ከወለሉ ጋር መፋተግ ሲጀምር አወረደችውና ሥሩን በመላጊያ ላገችው። ከመስኮቱ በላይ ስንጥቅ ወጣ፤ ስቱኮ ሞላችበት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፣ ቀለም ቀባችው። ለኩባንያው አንድም ቀን አልደወለችም። ጎረቤቶቿ የኩባንያውን ፎርማን ራውል ካንቱን መውጫ መግቢያ አሳጥተውት ነበር፤ አንዱማ የመብራት ማጥፊያው ድምፅ ይረብሸኛል ብሎ ጠርቶታል። ራውል በመንገዱ ሲያልፍ ኔልዳን ካያት መኪናውን አቁሞ ባርኔጣውን ያነሣል፤ እንደርስዎ ያሉ ሁለት ሰዎች ቢኖሩኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ አጠምድ ነበር ይላታል። ይህን ስትሰማ ደረቷ ይነፋል። ለምን ይዋሻል፣ ደስ ይላታል።

ማክሰኞ ታላቅ እህቷ ቬርና ቋሊማ የተጠቀለለበት ዳቦ ይዛ መጣች። ደብዳቤውን አየችና ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች። ቬርና በየወሩ የምትከፍልለት፣ ዕቃ ሲበላሽ ጠጋኝ የሚልክላት የቤት ዋስትና አላት፤ ስለሱ ስታወራ ስለ ሃይማኖቷ የምታወራ ነው የሚመስለው።

«ኤሲው በዚህ ሙቀት ቢሞትብሽ ማንን ትጠሪያለሽ?» አለች።

«አንቺስ አምና ማንን ጠራሽ? ዋስትና አለሽ አይደል? ሃያ አንድ ቀን የበረዶ ከረጢት ታቅፈሽ የተኛሽው ማን ነው፣ እኔ ነኝ?»

«ቢሆንም መጡ።»

«መጡ። ሙቀቱ ሲያልቅ።»

ቬርና ዳቦውን ቆርሳ አኘከች። የእህቷን ነገር ታውቀዋለች፤ በቀልድ ካመለጠች አትያዝም። ስለዚህ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ኔልዳ፣ ሩዲ የለም። እሱ እያለ አራት እጅ ነበራችሁ። አሁን ያለሽ ሁለት ነው፣ እነሱንም ቁርጥማት ይዟቸዋል። እኔ ያለሁት አርባ ደቂቃ መንገድ ርቄ ነው። መሰላል ላይ ወጥተሽ ትወድቂያለሽ ብዬ ሌት ተቀን ሳስብ ታውቂያለሽ?»

ኔልዳ እጇን አየችው፤ የቀኝ አውራ ጣቷ ሥር አብጧል። ባለፈው ወር ያንኑ የኋለኛውን መኝታ ቤት በር ለሁለተኛ ጊዜ ስትልግ ነው የጀመራት። እሺ፣ ለአንቺ ስል እገዛለሁ አለቻት፤ ቬርናም አንጀቷ ርሶ ወደ ቤቷ ሄደች። በእርግጥ ለቬርና ብቻ አልነበረም። ኔልዳ ራሷም አንድ የሚጠራ ሰው ቢኖር ደስ እንደሚላት ለራሷ እንኳ በግማሽ አፍ ነበር የምትናገረው።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ድምፅዋ ማር ነው፤ ስም፣ አድራሻ፣ የቤቱን ዕድሜ ጠየቀቻት። ከዚያ፣ «እስካሁን የሚያውቁት ብልሽት ወይም የተጠገነ ነገር ካለ ይንገሩኝ እመቤቴ፤ ለፎርሙ ያህል ነው» አለች።

ኔልዳ ፎርም ላይ የማትዋሽ ሴት ናት። የአውቶቡስ ዝርዝር ላይ የዋሸ ሰው ልጅ ይገድላል። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየቆጠረች ትነግራት ጀመር። የኋለኛው መኝታ ቤት በር፣ ሁለት ጊዜ ተልጓል። ከዚያው ክፍል መስኮት በላይ ያለው ስንጥቅ፣ ሦስት ጊዜ ተሞልቷል። የመስኮቱ መዝጊያ፣ እዚያው ክፍል። የመታጠቢያው ንጣፍ፣ ከክፍሉ ጋር ግድግዳ የሚጋራው። ከወለሉ ጠርዝ ላይ የተላቀቀው እንጨት፣ እሱም እዚያው።

ቃሉ አፏ ላይ ቀጥ አለ። እነዚህን ነገሮች በየወሩ አንድ አንድ እያለች ስታያቸው አምስት ጥቃቅን ነገሮች ነበሩ። አሁን በአንድ ትንፋሽ ስትናገራቸው አንድ ነገር ሆኑ። የቤቱ የኋላ ቀኝ ጥግ እየሰመጠ ነው።

«እመቤቴ፣ አሉ?»

«አለሁ። መሠረቱ ቢሰምጥ ዋስትናችሁ ይሸፍናል?»

ልጅቷ በዚያው በማር ድምፅዋ መሠረት እንደማይሸፍን፣ ከውሉ በፊት የነበረ ብልሽትም እንደማይሸፍን ነገረቻት። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ግን ይሸፍናል፣ ኤሲውንና ማቀዝቀዣውንም እንዲሁ። ኔልዳ አመስግናት፣ ላስብበት ብላ ዘጋች።

ውሃ ልኩን ከሩዲ የመሣሪያ ሣጥን አውጥታ የክፍሉ ወለል ላይ ብታስቀምጠው አረፋዋ ከፍ ወዳለው ወገን፣ ወደ በሩ ሸሸች። ኔልዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መሳቢያ አይደለም፣ በር አይደለም። መሠረት በስቱኮ አይሞላም። ዓርብ ካለፈ ኩባንያው ውሉን አሳይቶ ይሸኛታል፤ ከዚያ ጥጉን ለማንሣት የሚጠይቋትን ገንዘብ ከየትም አታመጣውም፣ የጠመመ ቤት ደግሞ ገዥ የለውም። የቀሯት ሦስት ቀን ናቸው።

ራውል ካንቱ ረቡዕ ጠዋት መጣ። ኔልዳ ስትደውልለት የመጀመሪያዋ ስለነበር መጀመሪያ የሞተ ሰው ያለ መስሎት ነበር። ክፍሉን ዞሮ አየ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ። በሩ ያለ ምንም ድምፅ ተዘጋ። ከመስኮቱ በላይ ያለውን ቦታ በባትሪ አበራበት፤ ምንም የለም። ውሃ ልኩን አስቀምጦ አረፋዋን አየና አገጩን አሸ።

«ሚስ ኔልዳ፣ ትንሽ ያዘነብላል፤ አልዋሽዎትም» አለ። «ግን ይህን ብቻ ይዤ ብሄድ ቢሮው አይቀበለኝም። ግድግዳው መንቀሳቀሱን አሳየን ይሉኛል። ምን ላሳያቸው? ግድግዳዎ የተላጠ እንቁላል ነው። በሩም ለገዥ ከምናሳየው ሞዴል ቤት በር ይሻላል። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ በስምዎ አንድ አቤቱታ የለም።»

«ጠግኜው እኮ ነው፣ ራውል። ሦስት ጊዜ።»

«አምንዎታለሁ። እኔ የምጽፈው ግን የማየውን ነው።» ባርኔጣውን አደረገ። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት በዚህ አልፋለሁ። የሚታይ ነገር ካለ ያኔ እጽፈዋለሁ።»

መኪናው ሲሄድ ኔልዳ ክፍሉ መሃል ቆማ ቀረች። አየችው ያን ግድግዳ። ከሥራዋ ሁሉ የምትኮራበት እሱ ነበር፤ ሦስተኛውን ጊዜ ቀለሙን ለማመሳሰል ሁለት ቀን ፈጅታለች፣ ቬርና እንኳ ቦታውን ብትፈልግ አላገኘችውም። አሁን ይኸው ያበጠ አውራ ጣቷ ለፍቶ የሠራው ነገር ምስክሯን ቀብሮባታል። እርር ድብን አለች፤ በራሷ ነው፣ ትንሽም በሩዲ። ከሞተ ወዲህ በሩዲ ስትናደድ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሰው አታስቸግሪ፣ ራስሽ ሥሪው ይላት ነበር፤ እሷም እንደ አባት ቃል ሰማችው።

ከዚያ ስፓቱላውን አመጣች። ወንበር ላይ ወጣችና ከመስኮቱ ጥግ ጀምራ ቀለሙን ፋቀችው። መጀመሪያ ላይ እጇ እምቢ አላት፤ ጥሩ ሥራ ማፍረስ ለሷ ዳቦ መሬት ላይ ከመርገጥ አይሻልም። ለሁለተኛ ጊዜ ስትፍቅ ለመደችው፣ በሦስተኛው ስቱኮው በቁራሽ ይወድቅ ጀመር። ከሥሩም የእርሳስ ጽሑፍ ወጣ። የገዛ ጽሑፏ ነው። ሩዲ ስንጥቅ ከመሙላቱ በፊት ጫፉ ላይ አጭር መስመር አስምሮ ቀኑን ይጽፍ ነበር፤ እሷም ሳታስበው በልማድ ያንኑ አድርጋ፣ ላዩን ደፍናው ኖሯል። ኅዳር ሰባት ስንጥቁ እዚህ ነበር። መጋቢት ሁለት ላይ ከዚያ አልፎ ስንዝር ሄዷል። ሰኔ ሃያ ላይ ጣሪያው ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ዛሬ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ተደብቆ የሰኔን መስመር አልፎ፣ ቀጭን እንደ ፀጉር፣ ጣሪያው ላይ ደርሷል። ዕንባዋ መጣ። ከጸጸት ይልቅ እፎይታ ይበዛበታል።

ቬርና፣ እህቷ ዋስትናውን ገዝታ እንደሆነ ለማረጋገጥ ስትመጣ ያገኘቻት በዚህ ሁኔታ ነው፤ ፀጉሯ ነጭ አቧራ፣ ወለሉ ፍርስራሽ፣ ግድግዳው ቁስል በቁስል። በሩ ላይ ቆመች።

«እህቴ፣ ነካሽ እንዴ? ቤትሽን ልትጨርሺው ነው?»

«ቤቴን አይደለም የማፈርሰው፣ ሥራዬን ነው። ያንን ሰማያዊ ተለጣፊ ፕላስተር አቀብይኝ።»

ኔልዳ ነገሩን ከላይ ወንበሩ ላይ ሆና አስረዳቻት። ቬርና መፍቻና መዶሻ የማትለይ ሴት ናት፤ ግን ፕላስተር መቁረጥ ማንም አይሳነውም። ጫማዋን አወለቀች፣ በየስንጥቁ ጫፍ ሰማያዊ ቁራጭ እየለጠፈች፣ አንድ ጊዜ እያስነጠሰች አንድ ጊዜ እየሳቀች እስኪመሽ ሠሩ። ንጣፉን አነሡት። የጠርዙን እንጨት ነቀሉት። የተላገውን በር አውርደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት፤ ሥሩ በአንድ በኩል ከሌላው ሁለት ጣት ያህል ተበልቶ ሲታይ ቬርና ፉጨት አወጣች። ይህን ሁሉ ብቻሽን ስታደርጊ ለምን አልነገርሽኝም አለቻት። ኔልዳ አቧራ አፏ የገባ አስመስላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ባለ ማር ድምፅዋ ልጅ መልሳ ደወለች። ለኔልዳ ብቻ የተዘጋጀ ቅናሽ አለ፣ ግን ዛሬ ማታ ያበቃል። እዚያው ያደረችው ቬርና ከጠረጴዛው ማዶ በእጇ ተቀበይ ተቀበይ እያለች ትጠቅሳለች።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አለች ኔልዳ። «አልገዛም። የማሽኖቹ የፋብሪካ ዋስትና ገና አላለቀም፣ ቧንቧውና መብራቱ ሌላ ዓመት አላቸው። ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ አልከፍልም። ከዓመት በኋላ ሁሉም ሲያልቅ ብትደውዪ እናወራለን። በዚያን ጊዜ ግን ሠራተኛውን እኔ እንድመርጥ ውሉ ላይ ጻፊልኝ፤ እህቴ ሃያ አንድ ቀን ጠብቃለች።»

ልጅቷ ሌላ ነገር ስትጀምር መልካም ቀን ተመኝታላት ዘጋች። ቬርና ለመቆጣት አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን እህቷ ይህን ስትናገር በእልህ አለመሆኑን አየች። ኔልዳ ሒሳቡን አውቃ ነው የተናገረችው፣ ድምፅዋም አውቶቡሱን ከመናኸሪያው ስታወጣ የነበረው ድምፅ ነው።

ራውል ልክ በዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ግድግዳውን አየ፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ አነበበ፣ የወረደውን በር በጣቱ ለካው። ብዙ ፎቶ አነሣ። ውጪ ወጥቶ ጥጉን ሲዞር ኔልዳ ተከተለችው፤ አጠጥተው ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት፣ የተዘረጋውን የውሃ ጎማና እኩል የረጠበውን መሬት ሲያይ ግን መልሱን አልጠበቀም። ይህ አፈሩ በደንብ ሳይጠቀጠቅ የተሠራ ጥግ ነው አለ፤ የእኛ ጥፋት ነው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ፎርሙን ዘረጋ።

«ለዚህ ብልሽት ከአሁን በፊት ስንት ጊዜ አመልክተዋል?» ብሎ አነበበ።

«አንድም።»

ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሚስ ኔልዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለምን አልጠሩኝም? ሥራዬ እኮ ነው። የመብራት ማጥፊያ ድምፅ ረበሸኝ ላለው ሰው አራት ጊዜ ሄጃለሁ።»

ኔልዳ የሻይ ብርጭቆዋን አዞረችው። ቀልድ ፈለገች፤ አልመጣላትም። ቬርና ከጎኗ አለች፣ ትሰማለች።

«ሰው ከጠራሁ» አለች፣ «ሩዲ በእርግጥ የለም ማለት ነዋ። እኔ እስከሠራሁት ድረስ እሱም ትንሽ ያለ ይመስለኝ ነበር።»

ራውል ባርኔጣውን ከራሱ አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገው። ቬርና የእህቷን ያበጠ እጅ ያዘች፤ ኔልዳም አላስለቀቀችም። ከዚያ ራውል ፎርሙን አዞረላት፤ በግልጽ ፈረመች፣ ቀኑንም ጻፈች፣ ከዓርብ አንድ ቀን በፊት። ሰኞ ሰዎች ይመጣሉ አለ፣ ጥጉን ከሥር ቆፍረው ያነሡታል፣ ግድግዳውንም በሩንም ይመልሳሉ፣ እርስዎ ግን በእግዚአብሔር ምንም ነገር አይንኩ።

ወረቀቱን እያጠፈ ተነሣ። በልማድ፣ መልሷን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ «ሌላ ነገር የለም አይደል ሚስ ኔልዳ?» አላት።

የለም ልትል አፏን ከፈተች። ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ሲያገኛት ያለችው ይህንን ነው። መልሶ መንከስ የጀመረውን የወጥ ቤቱን መሳቢያ አሰበችው፣ የጓሮውን የዝናብ ማውረጃ፣ ስትረግጠው የሚንቋቋውን የመተላለፊያውን ወለል፣ በየጠዋቱ በመጥረቢያ ጀርባ የምትመታውን የመኪና ማቆሚያውን በር።

«ተቀመጥ፣ ራውል» አለች። «ቬርና፣ ሻይ ቅጂለት። በረዶም ጨምሪበት፣ አንድ ብርጭቆ አይበቃውም።»

ራውል ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ኔልዳ መነጽሯን አደረገችና ከመሳቢያው ጀመረች፤ እሱም አዲስ ገጽ ገለጠ።